ከዘፋኙ ጀርባ ማን ነበር? የሶል ኤኮስ ባንድ አጭር ዕድሜ

«ጋራ ሥር ነው ቤትሽ»ን የማያውቅ የድሮ ዘፈን ወዳጅ የለም ማለት ይቻላል። ዘፋኙ ተሾመ ምትኩ እንደሆነም ብዙ ሰው ይነግራችኋል። «ሙዚቃውን የተጫወተው ማን ነው?» ብላችሁ ስትቀጥሉ ግን ወሬው እዚያው ይቆማል። አንዳንዱ «ክቡር ዘበኛ መሰለኝ» ይላል። ሌላው ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል።

የተጫወተው ሶል ኤኮስ ባንድ ነው። ከመንግሥት ተቋም ውጭ ተቋቁመው ሸክላ ካስቀረጹ የአዲስ አበባ ባንዶች የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። ዕድሜው ግን ጥቂት ዓመት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ብቅ አለ፤ ቀጣዩ አሥር ዓመት ብዙ ሳይገፋ ተበተነ። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በሸክላዎቹ ታሪክ የተለመደው እሱ ስለሆነ። «ዓ.ም.» ካልኩ የኛው ነው።)

ይህን ባንድ ያነሳሁት ለትዝታ ብቻ አይደለም። ስለዚያ ዘመን ሙዚቃ ስናወራ የምንደረድረው የድምፃውያንን ስም ነው። ጥላሁን፣ ማህሙድ፣ ዓለማየሁ፣ ብዙነሽ፣ ሙሉቀን። ሲያንስባቸው ነው፣ ምንም ክርክር የለኝም። ነገር ግን ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለውን ድምፅ ከሠሩት ውስጥ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት ዓመት ቆይተው የተበተኑ ባንዶች ብዙ ናቸው። የተረሱት ሰው ሳይወዳቸው ቀርቶ አይደለም። የሥራው አደረጃጀት ራሱ ከመጀመሪያው የባንድ ስም እንዲቆይ የሚያደርግ አልነበረም። ይሄ አደረጃጀት ደግሞ ዛሬም ብዙ አልተለወጠም።

መለዮ የለበሰ ሙዚቃ

እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ የዘመናዊ ሙዚቃ ተጫዋች መሆን ማለት በአብዛኛው የመንግሥት ሠራተኛ መሆን ነበር። ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ነበረው። ጦር ሠራዊት ነበረው። ፖሊስም፣ ማዘጋጃ ቤትም፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርም፣ ሀገር ፍቅርም እንዲሁ። ጥላሁን ገሠሠና ማህሙድ አህመድ የወጡት ከክቡር ዘበኛ ነው፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ። ደመወዝ አለ፣ መለዮ አለ፣ አለቃም አለ። ትራምፔቱም ሳክስፎኑም የመንግሥት ንብረት ነው።

ይህን ሥርዓት ማጣጣል አይገባም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ካመጧቸው «አርባ ልጆች» ከሚባሉት አርመናውያን ወላጅ አልባ ወጣቶችና ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጀምሮ፣ ኖታ ማንበብም ሆነ የትንፋሽ መሣሪያ አጨዋወት የተስፋፋው በነዚህ ተቋማት በኩል ነው። የኬቮርክ ወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለረጅም ዓመታት ሙዚቀኞችን አሠልጥኗል፣ አቀናብሯል። እነሱ ባይኖሩ ኖሮ በኋላ የመጡት የግል ባንዶች ከየት መጥተው ይጫወቱ ነበር?

ችግሩ ሌላ ነው። የመንግሥት ሙዚቀኛ በፈለገበት ቦታ፣ በፈለገው ሰዓት፣ የፈለገውን መጫወት አይችልም። የፖለቲካው ወላፈንም ይደርሰዋል። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ክቡር ዘበኛ የመራው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ሙዚቀኞቹም የዘበኛው ሰዎች ስለነበሩ ጦሱ ተረፋቸው። ጥላሁን ገሠሠ ራሱ ታስሯል። አንድ ዘፋኝ ባልዶለተበት ጉዳይ እስር ቤት ሲገባ ያየ ወጣት ሙዚቀኛ «መለዮ ሳልለብስ መጫወት እችል ይሆን?» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሆቴሉ፣ ክለቡ፣ ሬዲዮው

መልሱ የመጣው ከሆቴሎች ነው። ራስ ሆቴል የራሱን ባንድ አቆመ፤ ራስ ባንድ ተባለ። ጊዮን ቀጠለ። በኋላ ዋቢ ሸበሌ ሆቴል የዋቢ ሸበሌ ባንድ ነበረው። ውቤ በረሃም በበኩሉ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም ነበር። የዙላ ክለብ፣ ፓትሪስ ሉሙምባ፣ ቬነስ የሚባሉት ስሞች እስከ ዛሬ በዚያ ዘመን ሰዎች አፍ ላይ አሉ።

ከተማዋም አዲስ አድማጭ አግኝታ ነበር። በ1958 የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ላይ ተቀመጠ። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተከተለ። ዲፕሎማት በዛ። ከ1962 ጀምሮ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች ይመጡ ጀመር፣ ሲመጡም ሸክላቸውን ይዘው ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ የባንክና የአየር መንገድ ደመወዝተኛው ቅዳሜ ማታ የሚሄድበት ቦታ ፈለገ። አስመራ ደግሞ የአሜሪካ ጦር የቃኘው ጣቢያ የራሱ ሬዲዮ ነበረው። ሶልና ሮክ በዚያ ሞገድ ይለቀቅ ነበር። የሰሜኑ ወጣት ጊታር ተጫዋች ጆሮ ከመሀል አገሩ ቀድሞ የተከፈተው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የሶል ኤኮስ ስም ራሱ ዘመኑን ይናገራል። ልጆቹ የሚሰሙት የጥቁር አሜሪካውያንን ሶል ነበር። ግን ሲጫወቱ አሜሪካዊ ሆነው አልቀሩም፣ ሚስጥሩም እዚህ ጋ ነው። ተሾመ ምትኩ ከፊት ይዘፍናል፣ ግጥም ይጽፋል። ወንድሙ ቴዎድሮስ ምትኩ ሳክስፎን ይነፋል። ፈቃዱ አምደመስቀልም ሳክስፎን፣ ታምራት ፈረንጂ ትራምፔት፣ አሉላ ዮሐንስ ጊታር። ወጣቶች ናቸው። ማንም አለቃ አላስቀመጠባቸውም።

ከተሾመ ጋር የሚታወሱት ዘፈኖች አራት ናቸው። «ጋራ ሥር ነው ቤትሽ»፣ «የዘመድ የባዳ»፣ «ሞት አደላድሎኝ»፣ «ሐሳቤ»። አራቱን በተከታታይ ብታዳምጡ የምለው ይገባችኋል። የወታደር ኦርኬስትራ ድምፅ የላቸውም። ክቡር ዘበኛ ሲጫወት የትንፋሽ መሣሪያው ብዛት ራሱ ግድግዳ ይሠራል። ሶል ኤኮስ ጋ ግን ክፍተት አለ። ሳክስፎኖቹ ለዘፋኙ ቦታ ለቀው ይመለሳሉ። ጊታሩ ለብቻው ይሰማል። ተሾመም ድምፁን ከፍ አድርጎ መጣል አያስፈልገውም፣ ለጆሮ ቀርቦ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚዘፍነው። እኔ በግሌ ከሁሉም «የዘመድ የባዳ»ን አስበልጣለሁ። «ጋራ ሥር»ን ከነካችሁብኝ ግን እጣላለሁ የሚሉ ጓደኞች አሉኝ።

ይህ ክፍተት የጥበብ ምርጫ ብቻ አልነበረም፣ የሒሳብም ጉዳይ ነው። ሃያና ሠላሳ ሰው ያለው ኦርኬስትራ መንግሥት ደመወዝ ሲከፍለው ይቻላል። የክለብ ባለቤት ግን ለስድስትና ለሰባት ሰው ነው የሚከፍለው። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝና አምፕሊፋየር ሲመጣ ደግሞ ቤት ለመሙላት አሥራ ሁለት ትራምፔት አላስፈለገም። አቀናባሪውም በጥቂት መሣሪያ ብዙ መናገር ነበረበት። ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ድምፅ» ብሎ የሚያውቀው ያ ቀጠን ያለ፣ ሁለት ሦስት የትንፋሽ መሣሪያና አንድ ኦርጋን ያለበት አጨዋወት ከዚህ የክለብ ሒሳብ ጭምር የተወለደ ነው።

አምሃ ሕጉን የጣሰበት ዓመት

ባንድ ክለብ ውስጥ ብቻ ቢጫወት ኖሮ ዛሬ ስለሶል ኤኮስ የምናወራው ነገር አይኖርም ነበር። ሸክላ ያስፈልግ ነበር። ሸክላ ማስመጣትና ማሳተም ደግሞ ከ1948 ጀምሮ በንጉሡ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። ማኅበሩ መብቱን ይዞ ተቀመጠ እንጂ አዲሱን የከተማ ሙዚቃ አላሳተመም።

በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሸክላ ነጋዴ ይህን ድንጋጌ ችላ ብሎ አሳተመ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበር። ማተሚያ አገር ውስጥ ስላልነበረ ሕንድ ተልኮ ታተመ። ሲመጣ ተቸበቸበ። መንግሥት ዝም አለ፣ ወይም ዝም ማለት መረጠ። ከዚያ በኋላ አምሃ ሪከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ያህል ነጠላ ሸክላዎችና አሥራ ሁለት ገደማ አልበሞች አወጣ። ፊሊፕስም ነበር፣ ቆይቶም አሊ አብደላ ካይፋ በካይፋ ሪከርድስ ተከተለ።

የግል ባንድና የግል አሳታሚ በአንድ ሰሞን መምጣታቸው አጋጣሚ አይደለም። የመንግሥት ኦርኬስትራ አባል ለግል አሳታሚ ለመጫወት አለቃውን ማስፈቀድ አለበት። የሶል ኤኮስ ልጆች ግን ማንንም አያስፈቅዱም። ለአምሃ ዓይነቱ ሰው ነጻ ባንድ ያስፈልገዋል፣ ለነጻ ባንድም አምሃ ዓይነት ሰው ያስፈልገዋል። የዘመኑን ፍጥነት የሚያስረዳው ይህ ይመስለኛል። ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የሚደመጥ ሙዚቃ ተቀረጸ።

እዚህ ላይ ግን መርሳቱም ተጀመረ። ነጠላ ሸክላ ሁለት ገጽ አለው፤ በያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን። መሀሉ ላይ ያለችው ክብ ወረቀት ትንሽ ናት። ገበያተኛው የሚጠይቀው «የማን ነው?» ብሎ ነው፣ መልሱም የዘፋኙ ስም ነው። የባንዱ ስም ቢጻፍ እንኳ በደቂቅ ፊደል ነው፤ የተጫዋቾቹን ስም የሚያስታውስ ደግሞ ብርቅ ነበር። ሳክስፎኑን ማን ነፋ? ቅንብሩን ማን ሠራ? ክለቡ ውስጥ የነበረ ሰው ያውቃል። ሸክላውን ደሴ ወይም ጅማ ላይ የገዛው ሰው አያውቅም።

ለምን ቶሎ ተበተነ?

የሶል ኤኮስ መበተን ቅርቡ ምክንያት ግልጽ ነው። ተሾመ ምትኩ በ1970 አገር ለቅቆ ወጣ። ኑሮውን ስዊድን አደረገ፣ እዚያው ተማረ፣ ቆይቶም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። (በ1998 «ቢግ ቢግ ወርልድ» በሚል ዘፈን አውሮፓን ያዳረሰችው ኤሚሊያ ልጁ ናት። ይህን ሲሰሙ የማይገረሙ ጥቂቶች ናቸው።) ግጥም ጸሐፊውና ፊት ሆኖ የሚዘፍነው ሰው ሲሄድ ባንድ መናጋቱ አይቀርም።

ግን ዘፋኙ የሄደበት ባንድ ሁሉ አይፈርስም፣ ሌላ ዘፋኝ ይተካል። ስለዚህ ምክንያቱን ከዚያ ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው የመሣሪያ ጉዳይ ነው። በዚያ ጊዜ ድራሙ፣ ኦርጋኑ፣ አምፕሊፋየሩ ብዙ ጊዜ የክለቡ ወይም የሆቴሉ ነበር። ሙዚቀኛው ይዞ የሚገባው ጣቱንና ትንፋሹን ነው። ከባለቤቱ ጋር ከተጣላ ባዶ እጁን ይወጣል። የባንዱ ስምም ብዙ ጊዜ የቤቱ ነው። ራስ ባንድ የራስ ሆቴል ነው፣ ልጆቹ ለቅቀው ቢወጡ ስሙን ይዘው አይወጡም። ሆቴሉ ሌሎች ልጆች ቀጥሮ በዚያው ስም ይቀጥላል። አንድ ሙዚቀኛ በአሥር ዓመት ውስጥ አራት አምስት ባንድ ቢቀያይር የጠባይ ጉዳይ አልነበረም። የተሻለ የከፈለው ቤት ወሰደው ማለት ነው።

ዋልያስ ባንድን ያየ ይህን በደንብ ይረዳል። ኃይሉ መርጊያና ጓደኞቹ ቬነስ ክለብ ሲጫወቱ ቆይተው ገንዘብ አጠራቅመው የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ከዚያ በኋላ ወደ ሂልተን ሲዛወሩ ባንዱ እንዳለ ተዛወረ። ከአሥር ዓመት ያላነሰ አብረው ቆዩ። «ጨ በለው»ን በ1977 በራሳቸው ስም አሳተሙ። ያለ ዘፋኝ፣ በባንዱ ስም! «ሙዚቃዊ ስልት» የሚባለው የግርማ በየነ ዜማ ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ዛሬ በየአህጉሩ ያሉ ባንዶች ይጫወቱታል። ከሶል ኤኮስ በችሎታ ይበልጡ ነበር ብዬ አላምንም። የራሳቸው ኦርጋን፣ የራሳቸው ድራም፣ የራሳቸው ስም ነበራቸው። ስማቸው የተረፈው በዚህ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት 1974 ነው። ደርግ ሲመጣ ሰዓት እላፊ መጣ። የክለብ ሙዚቀኛ እንጀራ ያለው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው፣ ሰዓት እላፊው ደግሞ ይህችኑ ሰዓት ነው የወሰደበት። ትልልቆቹ ሆቴሎች መላ ዘየዱ፤ ሰው ከሰዓት እላፊው በፊት ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ንጋት ላይ ይወጣል። ሂልተንና ጊዮን ይህን ማድረግ ቻሉ። ትንንሾቹ የውቤ በረሃ ቤቶች አልቻሉም። ግጥም ሳንሱር ይታያል። ካሴት ሸክላን ተካ፣ ካሴት ደግሞ ማንም ቤቱ ቁጭ ብሎ ይገለብጠዋል። አምሃ እሸቴ በ1975 አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ላይ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ከፈተ። ሙዚቀኛውም በየኪነት ቡድኑ ተበተነ፣ ወይም ተሰደደ። ዋልያስ ራሱ በ1981 ከማህሙድ አህመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር አሜሪካን ሲዞር ግማሹ ባንድ እዚያው ቀረ። ኃይሉ መርጊያ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነድቷል።

ሶል ኤኮስ ጨርሶ ጠፋ ማለት ግን ስህተት ነው። ሰዎቹ ሌላ ቦታ ተገኙ። የአይቤክስ ባንድ ሥር ከሶል ኤኮስ ልጆች ይመዘዛል። አይቤክስ በ1975 ከማህሙድ ጋር «ኤረ መላ መላ»ን ሠራ። ከዚያ ስሙን ቀይሮ ሮሃ ሆነ። የ1980ዎቹን ካሴት ያዳመጠ ሰው ሁሉ ሮሃን አዳምጧል፣ ያን ጊዜ ከአሥር ካሴት ስንቱን እነሱ እንዳጀቡት ለማመን ይከብዳል። በሶል ኤኮስ የተጀመረው አጨዋወት ስሙን እየቀየረ እስከ ኪቦርድ ዘመን ድረስ ሄዷል። ስሙ ብቻ ነው መንገድ ላይ የቀረው።

ስሙን ማን መለሰው?

ይህን መጻፍ ትንሽ ያማል፤ ስሙን የመለሱት በአመዛኙ የውጭ ሰዎች ናቸው። በ1986 አንድ የቤልጂየም አሳታሚ የማህሙድን «ኤረ መላ መላ» ለአውሮፓ አቀረበ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲዲ ተከታታይ ማውጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ቅጽ ላይ የተሾመ ምትኩ አራቱም ዘፈኖች አሉ፤ የሰይፉ ዮሐንስ «ትዝታ»ም አለ። ከሲዲው ጋር በተያያዘችው ቡክሌት ላይ የባንድ ስም፣ የተጫዋች ስም፣ የተቀረጸበት ዓመት ተጻፈ። እኛ አገር ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ያልተጻፈው ፓሪስ ላይ ተጻፈ።

ከዚያ የሆነውን ብዙዎቻችን እናውቃለን። በ2010 ተሾመ ምትኩ ከቦስተኑ አይዘር ኦርኬስትራ ጋር ቺካጎ የጃዝ ፌስቲቫል ላይ ዘፈነ። በ2013 የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት አሜሪካ ውስጥ እንደገና ታትሞ ሰውየውን ወደ መድረክ መለሰው። በ2017 ግርማ በየነ አካሌ ውቤ ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር አዲስ አልበም ሠራ። የአይቤክስ የ1976 መሣሪያ ቅንብርም በቅርቡ እንደገና ወጥቷል።

የውጭ ሰብሳቢዎቹን የሚተቹ አሉ። «ሙዚቃችንን ሸጡት» ይላሉ። ከፊሉ ትችት ተገቢ ነው። የፈረንጅ ጆሮ የመረጠው ሁሉ የኛን ምርጫ አይወክልም፤ ከትንፋሽ መሣሪያና ከኦርጋን ውጭ ያለው፣ የክራሩም የማሲንቆውም ዓለም፣ ጥግ ላይ ቀርቷል። ግን አንድ ነገር እንካድ ብንል አይቻልም። ስም ጽፈዋል። እኛ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ «የድሮ ዘፈን ክፍል 14» ብለን አሥራ ሁለት ዘፈን ገጣጥመን የዘፋኙን ፎቶ ለጥፈን እንጭናለን። አንዳንዴ ፎቶውም የሌላ ሰው ነው!

ዛሬ ያሉትስ?

የዛሬው የአዲስ አበባ ባንድ ከሶል ኤኮስ የተሻለ ቦታ ላይ ነው? መሣሪያ መግዛት ቀሏል። መቅረጽ ቀሏል። መጫወቻ ቦታ ግን ጠቧል።

ከ1990ዎቹ ወዲህ ለክለብ ባለቤት በጣም የሚያዋጣው አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ድምፃዊ፣ ሁለት ሞንታርቦ ነው። ድራሙም ቤዙም ትራምፔቱም ኪቦርዱ ውስጥ አለ። ለስድስት ሰው ከመክፈል ለሁለት ሰው መክፈል ይሻላል፤ በሱ ቦታ ብሆን እኔም የማደርገው ይህንኑ ነው። ባንድ የሚፈልጉት ጥቂት ቤቶች ናቸው፣ እነሱም አይቆዩም። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዝአምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ከሆቴሉ ቃጠሎ ጋር ሄደ። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ፣ መላኩ በላይ ከአዝማሪ ቤት አሳድጎ የባህል ማዕከል ያደረገው፣ በ2017 ዓ.ም. በአካባቢው የመልሶ ማልማት ሥራ ፈረሰ። የድሮዋ ፒያሳም በ2016 ዓ.ም. ከኮሪደር ልማቱ ጋር ብዙ ቤት አጥታለች። አዲስ ሕንፃ ይመጣል፣ ምናልባትም ያማረ። ግን የሕንፃ ኪራይ የሚከፍል ቤት ስድስት ሙዚቀኛ ይዞ ማክሰኞ ማታ ባዶ ወንበር ፊት አይጫወትም። ባንድ ደግሞ የሚበስለው ማክሰኞ ማታ ነው። ቅዳሜ የሚታየው የማክሰኞው ውጤት ነው።

እንደ ጃኖ ባንድ ዓይነቱ፣ በባንድ ስም ተነሥቶ በ2012 «ኤርታሌ»ን ያወጣ፣ ፕሮዲዩሰሩም ቢል ላስዌል የነበረ ቡድን፣ ባንድ በራሱ ስም አድማጭ እንደሚያገኝ አሳይቷል። ብርቅ መሆኑ ግን አልቀረም። ሌሎቹ ጎበዝ ባንዶቻችን የሚታወቁት አሁንም በአጃቢነት ነው። ትልቅ ኮንሰርት ላይ ዘፋኙ «ለባንዱ አጨብጭቡልኝ» ይላል፣ እናጨበጭባለን፣ ስማቸውን ሳናውቅ ወደ ቤት እንሄዳለን።

የስም ነገር የክብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምኩበት። የገንዘብም ጉዳይ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የደራሲን፣ ማለትም የግጥምና የዜማ ባለቤትን፣ የኢኮኖሚ መብት በሕይወት እስካለ ድረስና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። የተጫዋቹና የአሳታሚው መብት ግን 50 ዓመት ብቻ ነው። በ1969ና በ1970 የተቀረጸን ሸክላ ቁጠሩት፤ ሃምሳ ዓመቱ አልፏል። ስለዚህ የሶል ኤኮስን ዓይነት ቀረጻ እንደገና ማሳተም የሚፈልግ ሰው ከአሳታሚው መብት ነጻ ቢሆን እንኳ ከዜማ ደራሲው መብት ነጻ አይደለም። ዜማው የማን ነው? ግጥሙስ? ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ዓ.ም. ሮያሊቲ የሚሰበስብና የሚያከፋፍል የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲኖር መንገድ ከፍቷል። ማኅበሩ ገንዘቡን ለማከፋፈል የሚያየው መዝገብ ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው ሳክስፎኑን ምንም ያህል ቢያስለቅስ አይደርሰውም።

አቀናባሪ ደግሞ በዚህ ጉዳይ በጣም የተጎዳ ነው። ብዙ የድሮ ዘፈን ላይ ዜማው የሕዝብ ነው፣ ግጥሙም ከሕዝብ የተወሰደ። ዘፈኑን አዲስ ያደረገው ቅንብሩ ነው። የክለብ ባንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ልምምድ ላይ አብሮ ነው የሚያቀናብረው። ሳክስፎኒስቱ አንድ ሐረግ ያመጣል፣ ጊታሪስቱ ይመልስለታል፣ ከሳምንት በኋላ ዘፈን ሆኗል። ማን ምን አመጣ? የሚያውቁት እዚያ የነበሩት ናቸው።

ከነዚያ ሰዎች ውስጥ በሕይወት ያሉ አሉ፣ የሌሉም በዝተዋል። አምሃ እሸቴ በ2021 አረፈ። ሙሉቀን መለሰ በ2024። እያንዳንዱ ሲያርፍ ቴሌቪዥኑ የአንድ ሳምንት ፕሮግራም ይሠራል፣ ስለ ሙያ ባልደረቦቹ ሳይጠይቅ። እኔ ጋዜጠኛ ብሆን ጥያቄዬ ቀላል ነው። አንዱን ሸክላ ይዤ እሄዳለሁ፣ አጫውታለሁ፣ ከዚያ «ይሄን ትራምፔት ማን ነው የሚነፋው? ይሄን መግቢያ ማን አመጣው? ስንት ተከፈላችሁ?» እላለሁ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ወሬው የሚደራ ይመስለኛል። የተቀዳውንም ወመዘክር፣ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ፣ ወስጄ አስቀምጣለሁ። ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ የሚጭን ሰውም ከዘፋኙ ስም ሥር አንድ መስመር ቢጨምር ወጪ የለውም። ለ«ጋራ ሥር ነው ቤትሽ» መስመሯ ዝግጁ ናት፤ ሶል ኤኮስ ባንድ፣ አዲስ አበባ፣ ቴዎድሮስ ምትኩና ፈቃዱ አምደመስቀል ሳክስፎን፣ ታምራት ፈረንጂ ትራምፔት፣ አሉላ ዮሐንስ ጊታር።